የቁልቋል በር ዙሪያ

ፊሽካው ሲነፋ ሯጮቹ ከሞጣ ኳስ ሜዳ እንደ ተፈታ ጥጃ ፈርጥጠው ወጡ። ባንቺዓለም ግን ገና ከመነሻው ቀረች። የላስቲክ ጫማዋን ጭቃው ይዞ አስቀርቶባት ነበር። መንጭቃ አወጣችው፣ አጠለቀችው፣ ተከተለቻቸው።

ነሐሴ ሊያልቅ ነው። ለአብዮት በዓል ደብረ ማርቆስ ላይ በሚደረገው ውድድር አንዲት ሴት ሞጣን ወክላ ትሮጣለች። ዛሬ አንደኛ የወጣችው ነገ ጧት በጭነት መኪና ትሄዳለች፤ ሁለተኛ ለወጣችው ጭብጨባ ነው። ሌሎቹ የሚሮጡት ለስም ነው፣ ባንቺዓለም ግን ለወንድሟ። የሻው ብሔራዊ ውትድርና ዘምቶ፣ ቆስሎ፣ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል መተኛቱን ከሰማች ወዲህ የገበሬ ማኅበሩን ደጅ ስትጠና ከረመች። የይለፍ ወረቀት የሚሰጣት አላገኘችም። በዚያ ዘመን የቆሰለ ወንድም ለመጠየቅ ፈቃድ ይከለከላል፤ ለመሮጥ ግን ፈቃዱ ከነመኪናው ይሰጣል። እንግዲህ መሮጥ ነው።

መንገዱ ዙሪያ ገጠም ነው። ከሜዳው ተነስቶ መንግሥት ዛፍ እንዳይቆረጥበት፣ አውሬ እንዳይታደንበት ወደ ከለለው ደን ይገባል። ወንዙን ተሻግሮ ዳገቱን ይወጣና የቁልቋል በር ኪዳነ ምሕረትን ቅጥር በምዕራቡ በር ገብቶ በምሥራቁ ይወጣል፤ ከዚያ ቁልቁል ወደ ሜዳው ይመለሳል። ይህን ያወጣው የስፖርት ኮሚቴው ሊቀ መንበር ጓድ ደምለው ነው። ቅጥሩ ውስጥ ሰው አቁሞ፣ ላለፈችው ሁሉ ቀይ ጥብጣብ እጇ ላይ እንዲያስር አዟል። ጥብጣብ የሌላት መንገድ ስላሳጠረች ትሰረዛለች። ጓድ ደምለው ሁሉን አስቧል። የሚሮጡት ሴቶች መሆናቸውን ግን ያሰበ አይመስልም።

ደኑ ጫፍ ሲደርሱ ሰማዩ ጠቆረ፤ ወዲያው በረዶ ወረደ። ቅጠሉን እየበሳ፣ ጀርባቸውን እየገረፈ ወረደ። ገሚሶቹ ከዋንዛ ሥር ተጠለሉና በዚያው ቀሩ። ባንቺዓለም ነጠላዋን አናቷ ላይ ጠቅልላ፣ ጭቃውን እየረገጠች፣ ሥር እየዘለለች አልፋቸው ሄደች። ወንዙ ዳር ስትደርስ የአምናዋ አንደኛ፣ ተማሪዋ ማናለሽ፣ ሸራ ጫማዋን እንዳሰረች ቆማ ድፍርሱን ውኃ ታያለች።

«ይወስደናል» አለች ማናለሽ።

«ለየብቻ ከሆነ ይወስደናል። እጅሽን አምጪ።»

ተያይዘው ገቡ። ውኃው እስከ ወገባቸው ደረሰ፤ ድንጋዩ ከእግራቸው ሥር ተንከባለለ። ማናለሽ ስትንገዳገድ ባንቺዓለም ሳበቻት፤ ባንቺዓለም ስትንሸራተት ማናለሽ አቆመቻት። ማዶ ሲወጡ እጃቸውን ለቀቁና ምንም እንዳልተደረገ ሁሉ ዳገቱን ተሻሙበት።

ከቅጥሩ በር ላይ ማናለሽ ተቀምጣ የጫማዋን ማሰሪያ ፈታች። ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ በሩን ተሳልማ ገባች። ባንቺዓለም ግን ቆመች።

የወር አበባዋ የመጣው ዛሬ ጧት ነው። በዚህ ጊዜ ሴት ቅጥሩን አትረግጥም፤ ይህን ማን እንዳስተማራት እንኳ አታስታውስም። ማን ያያል? አለች በልቧ። ሮጣ ብታልፍ ጥብጣቡ እጇ ላይ፣ እሷም ነገ ወንድሟ ዘንድ ነበረች። ግን «የሻውን አውጪልኝ» ብላ የተሳለችው እዚሁ ደጅ ነው። የለመነችውን ደጅ ደፍራ በምን ፊቷ ወንድሟን ታየዋለች? ከውጭ ቆማ ተሳለመችና የጥብጣቡን ነገር ለኪዳነ ምሕረት ትታ ወደ ግራ ታጠፈች።

ከግንቡ ሥር ቀጭን መንገድ አለ፤ ሴቶች በየወሩ እየረገጡ ያወጡት። ገደሉን ተከትሎ ይወርድና፣ ለእንቁጣጣሽ ቤት የሚለስኑበት ነጭ አፈር በሚቆፈርበት ጉድጓድ አልፎ፣ ዞሮ ምሥራቁ በር ላይ ይወጣል። እጅግ ይረዝማል። ባንቺዓለም አፈሩ እስከ ጉልበቷ እየዋጣት፣ በእጇም በእግሯም እየቧጠጠች ወጣች። ቀና ስትል አንድ ሰው ብቻ በሚያሳልፈው ጠርዝ ላይ የዝንጀሮ መንጋ ሰፍሯል። አውራው ጎፈሩን ነፍቶ ጥርሱን አሳያት። በስተግራዋ ገደል ነው።

ባለችበት ቆመች። ያኔ የሻው ልጅ ሳሉ የሚላት ትዝ አላት፦ «ዓይኑን አትይው። አትሩጪ። እንደ ባለቤት እለፊ።» ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ መራመድ ጀመረች። አውራው አጓራ። ትንፋሹ ክንዷን ነካት። አልሮጠችም፤ ሯጭ ሆና በዚያ ቀን ከሁሉ የከበዳት ይሄ ነበር። መንጋው ቀስ ብሎ ተከፈለላት።

ምሥራቁ በር ላይ ስትደርስ ማናለሽ በብርድ በደነዘዘ ጣቷ የረጠበውን ማሰሪያ ስትታገል ቆይታ ገና መነሳቷ ነው። ቁልቁለቱን ትከሻ ለትከሻ ወረዱት። ሜዳው ላይ ሕዝቡ ይጮኻል። ባንቺዓለም የላስቲክ ጫማዋን ከእግሯ ወርውራ አንድ ክንድ ያህል ቀድማ ገባችና ወደቀች።

ጓድ ደምለው እጇን ይዞ አገላበጠ። «ጥብጣብሽስ?»

«የለኝም።»

«ቅጥሩ ውስጥ አልገባሽም?»

«አልገባሁም።»

«ለምን?»

ሜዳው ወንድ ሞልቶበታል። ባንቺዓለም አቀረቀረች።

«ማናለሽ፣ አይተሻታል?»

«ከኋላዬ ነበረች። በሩ ላይ ቆመች፤ ከዚያ እስከ ምሥራቁ በር አላየኋትም» አለች ማናለሽ። እውነቷን ነው።

«እንግዲያው አሳጥራለች።»

 ያኔ ሩጫውን ሊያዩ ከመጡት ሴቶች መካከል እትዬ ይርጋነሽ፣ መንደሩን ሁሉ ያዋለዱት፣ ወጣ ብለው ጎንበስ አሉና ከልጅቱ ጉልበት ላይ አፈሩን በጣታቸው ጠረጉ።

«ደምለው፣ ይህ አፈር ከየት እንደሚመጣ ታውቃለህ?»

«አላውቅም፣ እትዬ።»

«አታውቅማ። ቤትህን የምትለስነው ሚስትህ ናት። ከቁልቋል በር ሥር፣ ከገደሉ ነው። አንተ ባወጣኸው መንገድ የሄደ አይነካውም። ልጅቱ ረጅሙን ዞራለች።»

«ረጅሙን ምን አስመረጣት?»

«እሱን ሚስትህን ጠይቃት።»

ሴቶቹ አልሳቁም። አንድ በአንድ መጥተው ከባንቺዓለም ኋላ ቆሙ። ማናለሽ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ጓድ ደምለው እየቆየ ገባው፤ ፊቱ እስከ ጆሮው ቀላ።

«አንደኛ፣ ባንቺዓለም» አለ፣ ፊሽካውን እያየ።

ማናለሽ ሸራ ጫማዋን ፈትታ ሰጠቻት። «ደብረ ማርቆስ ላይ በላስቲክ አይሮጥም።»

«አንቺስ?»

«እኔ ቤቴ ቅርብ ነው።»

መኪናው በቢቸና አድርጎ ደብረ ማርቆስ ሲገባ መሽቶ ነበር። በማግስቱ ሆስፒታል ሄደች። የሻው ከስቶ፣ ጎድኑ ታስሮ፣ መስኮት ሥር ተኝቷል።

«ማን ፈቀደልሽ?» አለ፤ መጀመሪያ ያለው ይህንን ነው።

«ማንም። ሮጬ መጣሁ።»

አልጋው ጫፍ ላይ እግሯን አጥፋ ተቀምጣ ሁሉን ነገረችው። ዝንጀሮዎቹ ጋ ስትደርስ ቁስሉን ይዞ ሳቀ።

«ዓይኑን አየሽው?»

«አላየሁትም።»

«ጎሽ።»

ከዚያ ተረከዟ ስንጥቅ ውስጥ የቀረውን ነጭ አፈር አየ። በጥፍሩ ፍቆ አወጣው፣ ወደ አፍንጫው አስጠግቶ አሸተተው።

«የቤታችን ግድግዳ» አለ።

በበረዶው፣ በወንዙ፣ በገደሉ ያላለቀሰችው ባንቺዓለም አሁን አለቀሰች።