የጋለው መኝታ ክፍል

ላቮን ቶርገርሰን የተገኙት በአልጋቸው ላይ በጎናቸው ተኝተው፣ አንድ እጃቸውን ከትራሱ ሥር ከተው ነበር። ግንባራቸው ላይ ያኖሩት እርጥብ ፎጣ ደርቆ እንደ ካርቶን ጠንክሯል።

መርማሪ ማሪሴላ ኦቾዋ ከዩማ ከተማ ወጣ ብሎ ከሚገኘው የተጎታች ቤቶች ሰፈር ስትደርስ፣ የሐምሌ ፀሐይ አስፋልቱን እያቀለጠች ነበር። በር ላይ የቆመው ፖሊስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ልባቸው ይመስለኛል» አላት። «ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ ራሴን አመመኝ ብለው ነው የተኙት። ሙቀት እንዳልል ቤቱ በረዶ ነው። ገብተሽ እይው፤ እኔን ጃኬት አስለብሶኛል።»

እውነቱን ነበር። ሳሎኑ ያንዘፈዝፋል። ማሪሴላ ግን ቤቱ ሲጎተት በፒክአፕ መኪናው ጀርባ ላይ ወደሚያርፈው ከፍ ያለ የፊተኛው ክፍል የሚወስዱትን ጥቂት ደረጃዎች ወጥታ የመኝታ ቤቱን በር ስትከፍት፣ የምድጃ ወላፈን ፊቷን ገረፋት። ኮርኒሱ ላይ ወዳለው የአየር መውጫ እጇን ዘረጋች። አየሩ ይነፍሳል፤ የሚነፍሰው ግን ትኩስ ነው።

ወደ ሳሎን ወርዳ ከሟች ባለቤት ፊት ተቀመጠች።

ኦርቪል ቶርገርሰንና ላቮን የሰሜን ዳኮታ ገበሬዎች ነበሩ። በየዓመቱ የአገራቸውን የበረዶ ክረምት ሽሽት ቤታቸውን እየጎተቱ አሪዞና ይመጡና በሚያዝያ ይመለሳሉ። ዘንድሮ ግን የኦርቪል የነርቭ በሽታ ጠናባቸውና መሪ መያዝ አቃታቸው፤ በጋው እዚሁ በረሃ ላይ ያዛቸው። ለእሳቸው ሕመም ደግሞ እንደ ሙቀት ያለ ጠላት የለም፤ ትንሽ ሲሞቃቸው እግራቸውም እጃቸውም ይከዳቸዋል።

«ምሳ በልተን ራሴን አለች» አሉ ኦርቪል። «የእንቅልፍ ክኒኗን ዋጠች። እኔ ቤዝቦል ከፍቼ ነበር። ‹ይሄን ጩኸትህን ለራስህ› አለችኝና በሩን ዘጋች። በቃ። የመጨረሻ ቃሏ እሱ ነው።»

ልጃቸው ጆሊን ውኃ አቀረበችላቸው። ብርጭቆውን ራሷ ይዛ የመጠጫውን ቀሰም ከአፋቸው አስጠጋችላቸው። አርባ ዓመት ያለፋት ሴት ናት፤ አባቷን ልታስታምም ከዳኮታ ከመጣች ገና ቅርብ ጊዜዋ ነው።

«እኔ ልብስ ላጥብ፣ የአባባን መድኃኒት ላመጣ ወጥቼ ነበር» አለች ጆሊን። «ስመለስ ተኝታለች ብዬ ዝም አልኳት። እራት ልጠይቃት ነው የከፈትኩት። እንዴት ነው እንዲህ የሚሞቀው? የእሷ ክፍል እኮ የራሱ ማቀዝቀዣ አለው!»

«አለው» አለ ከወጥ ቤቱ በኩል የቆመ ቀጭን ሰው። ለሮይ የላቮን ታናሽ ወንድም ነው፤ በዚሁ ሰፈር የጥገና ሠራተኛ። «ጣሪያው ላይ ሁለት ኤሲ ነው ያለው፤ ኋለኛው ለሳሎን፣ ፊተኛው ለመኝታ ቤት። ፊተኛው ተበላሽቶ ነበር፤ ባለፈው ሳምንት ክዳኑን ፈትቼ ዕቃ ቀይሬለታለሁ። ዛሬ ድንገት ሞቶ መሆን አለበት። ማሽን ነው፣ ምን ታደርጊዋለሽ?»

«ከጠገንከው በኋላ እህትህ ሞቀኝ ብላህ ታውቃለች?»

«ኧረ በጭራሽ! ደስ ብሏት የፖም ኬክ ጋግራልኛለች።»

«እስቲ መሰላል አምጣልኝ፤ ወጥቼ ልየው።»

ለሮይ መሰላሉን አመጣ። ግድግዳው ላይ አስደገፈላትና፣ እንደሚወድቅበት ሰው ወደ ኋላ ፈቀቅ አለ። ግንባሩን ላብ አጥምቆታል፤ ላብ ግን በሐምሌ ዩማ ውስጥ ማንንም አያስጠረጥርም።

ማሪሴላ የፊተኛውን ኤሲ ክዳን አይታ ከጣሪያው ወረደች። ከኪሷ ሶፍት አውጥታ በሳሎኑ ኮርኒስ ላይ ባሉት የአየር መውጫዎች ሥር በተራ ያዘችው። ሶፍቱ እንደ ባንዲራ ተውለበለበ። ለመኝታ ቤቱ ቅርብ በሆነው መውጫ ላይ ግን የሽፋኑ ብሎኖች ላልተዋል። በርጩማ ላይ ቆማ ፈታችው፤ እጇን እስከ ክርኗ ወደ መኝታ ቤቱ በሚያመራው የአየር ቦይ ውስጥ ሰደደችና አንድ ወፍራም ብርቱካናማ ስፖንጅ ስባ አወጣች። ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ ተበልቷል።

ጆሊን ልትናገር አፏን ከፈተች።

«እኔ ነኝ!» ብለው ጮኹ ኦርቪል። «እኔ ነኝ የወተፍኩት። እንድትሞት ፈልጌ ነው። ጻፊው!»

«አባባ! ምን ነካህ?»

«ዝም በይ አንቺ! መርማሪዋን እያናገርኩ ነው።»

ማሪሴላ እስክሪብቶዋን አላወጣችም። ወደ ወጥ ቤቱ ሄዳ የዳቦውን ቢላ አነሳች፤ በጥርሶቹ መካከል ብርቱካናማ ፍርፋሪ ተሰክቷል። ደጅ ከዳሱ ሥር ካሉት ወንበሮች የአንዱ መቀመጫ ትራስ ስፖንጁ ወጥቶ ልብሱ ብቻ ቀርቷል።

አስከሬኑ ተሸኝቶ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሦስቱንም ሳሎን ውስጥ ሰበሰበቻቸው። እሷ ቆመች።

«ከእርስዎ ልጀምር፣ አቶ ኦርቪል» አለች። «ውኃ የጠጡት በልጅዎ እጅ ነው። ክንድዎ ከደረትዎ በላይ አይነሳም። ኮርኒስ ላይ ያለ ብሎን ሊፈቱ ቀርቶ የራስዎን ባርኔጣ ማድረግ አይችሉም። ታዲያ ለምን እኔ ነኝ አሉ? ማን እንደወተፈው ስላዩ ነው። ከዚህ ወንበር ሆነው እያዩ ነው የተሠራው። ስሙ እንዳይነሳም የፈለጉት ከራስዎ አብልጠው የሚወዱት ሰው ነው።»

ኦርቪል ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«እኔ ነኝ» አለች ጆሊን። ፊቷ አመድ መስሏል። «ጠዋት ነው የወተፍኩት። አባባ እየዛለብኝ ነበር፤ ማንኪያ መያዝ አቅቶት። የሳሎኑ ብርድ በኮርኒሱ ቦይ ወደ እማማ ክፍል እየሄደ እንደሚያልቅ ገባኝ። እሷ የራሷ አላት፣ ይሄኛው ለአባባ ይሁን አልኩ። እማማ እንኳ በርጩማውን ይዛልኝ ነበር።»

«ይህ ነው ቁልፉ» አለች ማሪሴላ በለሆሳስ። «ሁለቱ ኤሲዎች በአንድ ቦይ የተገናኙ ናቸው። ፊተኛው ሥራ ቢያቆምም የኋለኛው ብርድ በቦዩ እየተሻገረ መኝታ ቤቱ ይደርሳል። ብዙ አይቀዘቅዝም፤ ማታ ግን ያስተኛል። ስለዚህ ወይዘሮ ላቮን ፊተኛው ተጠገነ ሲባሉ አመኑ። ዛሬ ጠዋት ቦዩ ሲዘጋ ግን ለዚያ ክፍል የቀረው የፊተኛው ኤሲ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ አየር ያንቀሳቅሳል እንጂ አያቀዘቅዝም። በሩ ተዘግቷል፤ እሳቸው ክኒን ወስደዋል። ሙቀቱ ቀስ በቀስ ሲበረታ የሚቀሰቅሳቸው ነገር አልነበረም።»

«ዛሬ ተበላሽቶ ነው እያልኩሽ!» አለ ለሮይ።

«ለሮይ፣ ክዳኑን ፈትቼ ዕቃ ቀየርኩ ብለኸኛል። የክዳኑን ሁለት ብሎኖች ደፍኖ ተርብ የጭቃ ጎጆ ሠርቶበታል። ጎጆው ሲሚንቶ ሆኗል፤ ውስጡ የተፈለፈሉት ተርቦችም በስተውት ወጥተው ሄደዋል። ይህ ከወራት በፊት የተሠራ ነው፤ አንድም ቦታ አልተሰበረም። ያን ክዳን ዘንድሮ የፈታው ሰው የለም። አንተ መሰላሉን ስታመጣልኝ አንዱን እርከን እንኳ አልረገጥክም። ጣሪያውንም ቀና ብለህ አላየህም።»

ለሮይ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

«በፀደይ ጊዜ ከአንድ ጣሪያ ላይ ራሴን ስቼ ልወድቅ ነበር» አለ። «ከዚያ ወዲህ መሰላል ሳይ ጉልበቴ ይከዳኛል። የሰፈሩ ባለቤቶች ቢያውቁ ከሥራዬ ያባርሩኛል፤ ጣሪያ የማይወጣ የጥገና ሠራተኛ ምን ይሠራል? አንድ ቀን እወጣለሁ፣ ነገ እወጣለሁ እያልኩ... ላቮን ‹ሠራኸው ወይ?› ስትለኝ ‹ሠራሁት› አልኳት። ማታ ሄጄ ስጠይቃት ‹አሁን ቀዝቅዞልኛል› አለችኝ። እኔም እግዜር ራሱ ጠገነው ብዬ ተኛሁ።»

«ኬኳን በልተሃል!» ብላ ጮኸች ጆሊን። «አጎቴ፣ ኬኳን እኮ በልተሃል! አንድ ቃል፣ አንድ ቃል ብትነግረኝ ያንን ቦይ እነካው ነበር?»

ከእሷ ቀጥለው የተናገሩት ኦርቪል ናቸው፤ ቁጣ አልነበረባቸውም።

«ለሮይ፣ ፈራሁ ብትላት ኖሮ እኮ ራሷ ትወጣው ነበር» አሉ። «የጎተራውን ጣሪያ ያለበሰችው ማን ሆነና? አንተ ታች ሆነህ ካቻቪቴ ታቀብላት ነበር። በቃ፣ ይሄው ነበር ነገሩ።»

ለሮይ ሁለት እጆቹን ራሱ ላይ ጭኖ ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ። ማሪሴላ ክንዱን ይዛ አስነሳችው፤ ጉዳዩን ዐቃቤ ሕግ እንደሚያየው፣ ቃሉን ጣቢያ ሄዶ መስጠት እንዳለበት ነገረችው። ጆሊንንም አየቻት። «ያንቺንም ቃል ነገ እቀበላለሁ። ዛሬ አባትሽ ጋ ሁኚ» አለቻት።

በሩ ሲከፈት የምሽቱ ሙቀት ገባ። ጆሊን ከአባቷ እግር ሥር ተንበረከከች።

«ለምን በእኔ ፋንታ...?»

«ደስ ብሎሽ ነበራ» አሉ ኦርቪል። «በርጩማው ላይ ቆመሽ ከእናትሽ ጋር ስትሳሳቁ ነበር። እኔም ብርዱ ሲነካኝ ማንኪያዬን ያዝኩ። ያንን ጠዋት ማንም እንዲወስድብሽ አልፈለግሁም።»

ጆሊን ተነሳች። ግድግዳው ላይ ያለውን ቁልፍ ተጭና ኤሲውን አጠፋችው። ጩኸቱ ሲቆም ቤቱ ከበፊቱ ይልቅ ባዶ ሆነ። ሁለቱም ተቀመጡ፤ ሙቀቱ ከጣሪያው እየወረደ ከበባቸው። የኦርቪል እጅ ከወንበሩ ክንድ ላይ እየተንሸራተተ ወደቀ።

«አብሪው፣ ልጄ» አሉ በደከመ ድምፅ። «እናትሽ ብታይሽ ትቆጣሻለች።»