ቅንፍ ያወረደው ሌባ

ሚጡ ኮምፒውተሯን ስትከፍት ሥራዋ ተሰርቋል።

ኮዱ አለ። የጠፋው ስሟ ነው። ወራት ሙሉ ዓይኗ እስኪቀላ የጻፈችው የአምቡላንስ መላኪያ ፕሮግራም፣ በየመስመሩ አጠገብ የቡድን መሪውን ስም ይዞ ቁጭ ብሏል። ከሰዓት በኋላ ባለው ስብሰባ ደግሞ «ምንም አልሠራችም» ተብላ ልትሰናበት ነው።

ሚጡ የሚሏት የቢሮው ትንሿ እሷ ስለሆነች ነው። ትንሽ የሆነ ሰው ታዲያ ይዘረፋል?

መጀመሪያ የጠረጠረችው «ቅንፎ» የሚሉትን ባልደረባዋን ነው። የኮዱ መክፈቻ ቅንፍ፣ ለሥራው ለውጥ ባያመጣም፣ ከመስመሩ ጫፍ ይቅር ወይስ ለብቻው ከታች ይውረድ እያለ፣ ሰውን ምሳ እንኳ በሰላም የማያስበላ ተከራካሪ ነው። የሰፈረው ስም የመሪው ቢሆንም፣ አሁን ቅንፎቹ ሁሉ እሱ እንደሚወደው ወርደዋል። መስመሮቹም አንድ ሳይቀር ወደ ውስጥ ተገፍተዋል።

«አንተ ነህ?»

«እኔ ነገረኛ እንጂ ሌባ አይደለሁም» አለ ቅንፎ ፊቱ ተለዋውጦ። «መሪያችን ነው ‹ቅንፉን ተወው፣ እኔው አንተ እንዳልከው አስተካክለዋለሁ› ያለኝ። ስንት ዓመት ሲያሾፍብኝ የኖረ ሰው በአንድ ጀምበር አመነልኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። አይ የኔ ነገር።»

ሚጡ ለበላይ ኃላፊዎች አቤት አለች። የመሥሪያ ቤቱ መርማሪ ሚጡ ባለችበት መሪውን አስጠራችው።

«ኮዱን ምን አደረግኸው?»

«የሷ አልሠራ ሲል እንደ አዲስ ጻፍኩት።»

«ሁሉንም?»

«ከሀ እስከ ፐ።»

«ቅንፉን ለምን አወረድከው? ማውረዱን ትጠላ የለ?»

«ሰው... ሐሳቡን ይቀይራል።»

መርማሪዋ በሚጡ ስም የተመዘገበውን የቀድሞውንና የአሁኑን ኮድ ጎን ለጎን ከፈተች። ባዶ ቦታውንና የመስመር አሰባበሩን ትቶ ቃሉን ብቻ እንዲያወዳድር ማሽኑን አዘዘች። መልሱ ወዲያው መጣ፦ ልዩነት የለም።

«አንዲት ቃል አልጻፍክም» አለችው። «መስመር የነካ ሰው፣ ባዶ ቦታ ብቻ እንኳ ቢቀይር፣ ስሙ አጠገቡ እንደሚሰፍር ታውቃለህ። ሁሉንም ለመንካት ሰበብ ስትፈልግ የቅንፉ ጭቅጭቅ ደረሰልህ።»

መሪው አንገቱን ደፋ። «የክፍሉን ኃላፊነት ፕሮግራሙን ለጻፈው ሰው ሊሰጡት ነው ሲባል ሰማሁ። እሷ አለቃዬ ልትሆን...» ወደ ሚጡ ዞረ። «የኔ እህት፣ እዚሁ እንጨርሰው። ያው የቅንፍ ነገር ነው።»

«ቅንፉማ የፈለገበት ይቀመጥ» አለች ሚጡ። «ሰነፍ ናት ብለህ ስሜን ያጠፋኸው እዚህ ክፍል ውስጥ ነው እንዴ? ሰዎቹ ስብሰባ ላይ ተሰብስበዋል። እዚያ በራስህ አፍ ትናገራለህ።»

በሩን ከፍታ እስኪቀድማት ጠበቀችው።