የማሳያው ጠርሙስ

«አንዴ ብቻ ፉት በልልኝ፣ የኔ ጌታ» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ የሁለት ዓመት ልጇን አንገት በክንዷ ደግፋ። ልጁ ከንፈሩን አልከፈተም። ከትናንት ጀምሮ ሲያስመልሰውና ሲያስቀምጠው ዓይኑ ጎድጉዷል።

ጎረቤቷ የሆነችው ተማሪ፣ እናቷ ለመጠየቂያ የላከችውን ብርቱካን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። ከስፌት መኪናው ጎን የተደራረቡት ባልዲዎች ዓይኗን ያዙት። አሸዋ፣ ከሰል፣ የሞሪንጋ ፍሬ ዱቄት፤ ቁርጥ እሷ በትምህርት ቤቱ የሳይንስ ኤግዚቢሽን ያሳየችውን የውሃ ማጣሪያ።

«ግቢ እንጂ፣ ሳይንቲስቷ! ጤና ጣቢያ ይህን መድኃኒት በንጹሕ ውሃ በጥብጠሽ ስጪው አሉኝ። ዕድሜ ላንቺ፣ የወንዙን ውሃ ሁሉ ባንቺ ማጣሪያ ነው የማሳልፈው። ኤግዚቢሽኑን አይቼ የተመለስኩ ዕለት ነው የሠራሁት።» መድኃኒቱን የበጠበጠችበትን ኩባያ ወደ መስኮቱ አነሳችው። «ብቻ ያንቺን ያህል አልጠራልኝም። አሸዋውን በደንብ አላጠብኩት ይሆናል፤ የኔ ነገር!»

ልጅቷ ኩባያው ውስጥ ያለውን ድፍርስ ውሃ አየች። በኤግዚቢሽኑ ጠዋት እሷና የዴስክ ጓደኛዋ የሠሩት ማጣሪያም ያወጣው ውሃ ቀጭን ሻይ ይመስል ነበር። ጓደኛዋ ናት ከሱቅ የታሸገ ውሃ ገዝታ የማሳያውን ጠርሙስ የሞላችው። «አታካብጂ ባክሽ! ማን ይቀምሰዋል?» አለቻት። «ከተጣራም በኋላ ይፈላ» የሚለውን መስመር ከፖስተሩ ላይ የፋቀችው ግን ልጅቷ ራሷ ናት፤ ሥራቸውን የሚያሳንስ መስሏት። አንደኛ ወጡ። ነገ ደግሞ ትምህርት ቤቱን ወክለው ለውድድር ይሄዳሉ።

ልብስ ሰፊዋ ማንኪያውን ወደ ልጁ አፍ አስጠጋች።

«እትዬ፣ አይስጡት!»

ልጅቷ እጇን ዘርግታ ኩባያውን ወሰደችባት።

«አሸዋው ምንም አልሆነም። የኔ ጠርሙስ ነው ውሸት። የታሸገ ውሃ ነበር። ከተጣራም በኋላ መፍላት ነበረበት… እሱንም ከፖስተሩ ላይ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ልብስ ሰፊዋ ማንኪያውን አስቀምጣ ልጇን ወደ ደረቷ አስጠጋች።

«ቤት የፈላ ውሃ አለን፤ አሁኑኑ አመጣለሁ» አለች ልጅቷ። የበሩ ደፍ ላይ ስትደርስ ዞረች። «ማጣሪያውን ሌላስ ማን ሠርቷል?»

«አናጢው ቤት» አለች ልብስ ሰፊዋ ቀና ሳትል። «ከሱ አጠገብ ያሉት አሮጊትም። እኔ ነኝ ያሳየኋቸው።»

ልጅቷ ሮጣ የፈላውን ውሃ በጀሪካን አመጣች። ከዚያ መንገዱን ተሻገረችና የአናጢውን በር አንኳኳች።