ከፎቶው የወጣው ቀይ ክፈፍ

ብታምኑኝም ባታምኑኝም ይህ በእኔ ላይ የደረሰ ነው። ብዙ ማውራት አይሆንልኝም፤ የሆነውን ብቻ እጽፋለሁ።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር። ፀሐዩ አናት ይበሳል። የምሠራበት ፎቶ ቤት ባለቤት፣ ጋሼ የምንላቸው፣ ምሳ ወጥተዋል። እኔ ኮምፒውተሩ ላይ ነኝ። ታናሽ እህቴ ከኋላዬ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀምጣለች። ጠዋት ሰማያዊው መጋረጃ ፊት ጋዋን ለብሳ የተነሳችውን የምረቃ ፎቶ እያስተካከልኩላት ነበር።

"እታለም፣ አፍንጫዬን ቀንሺልኝ እንጂ!"

"እሱን ከቀነስኩት ምን ይቀርሻል?"

ሳቀች። "በይ ቶሎ ጨርሺና ነይ፤ ቦታ ይዤልሻለሁ" ብላ ወንበሩን በእጇ መታ መታ አደረገችው።

ሶፍትዌሩ በቀኝ ጥግ ፎቶውን በሙሉ የምታሳይ ትንሽ መስኮት አለችው። ውስጧ ቀይ ክፈፍ አለ። ክፈፉ ያረፈበት ቦታ በትልቁ መስኮት ጎልቶ ይታያል።

ያኔ ያረፈው ዓይኗ ላይ ነበር።

ተንቀሳቀሰ...

እጄ ማውሱ ላይ አልነበረም።

ከዓይኗ ወደ ትከሻዋ... ከትከሻዋ ወደ መጋረጃው... ከዚያ የፎቶውን ጠርዝ አልፎ ወጣ።

ከጠርዙ ወዲያ ግራጫ ባዶ ቦታ እንጂ ሌላ ነገር ሊኖር አይችልም።

ትልቁ መስኮት ግን ግድግዳውን አሳየኝ። ቀጥሎ አግዳሚ ወንበሩን...

እህቴ ተቀምጣበታለች። በጋዋን አይደለም፤ አሁን በለበሰችው ቢጫ ሹራብ።

አጠገቧ አንድ ሰው አለ። አፉን ወደ ጆሮዋ አስጠግቷል።

ዞርኩ። ብቻዋን ናት።

"ተነሺ..." አልኳት በሹክሹክታ። "ቀስ ብለሽ ወደ እኔ ነይ።"

"እሺ... ቆይ። የሚለውን ልስማ።"

"የቱ?"

ጆሮዋን ወደ ባዶው ጎኗ አዘነበለች።

ወደ ስክሪኑ ተመለስኩ። ክፈፉን ጎተትኩት፤ አልመጣም። ትንሿን መስኮት ዘጋኋት፤ ራሷ ተከፈተች። የቀረኝ አንድ ነገር ነው። መስኮቶቹን ሁሉ ወደ መጀመሪያ አቀማመጣቸው የሚመልሰውን ትእዛዝ ተጫንኩ።

ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ። ክፈፉም ወደ ፎቶው ተመለሰ።

ፎቶው ውስጥ ያለው ግን ሰማያዊ መጋረጃ ብቻ ነው።

ዞርኩ። ወንበሩ ላይ ስልኳ ብቻ... በሩ ሲከፈት የሚጮኸው ደወል አልጮኸም።

ጋሼ ሲመለሱ "እህትሽስ?" አሉኝ።

በጣቴ ወንበሩን አሳየኋቸው።

"በይ ኮምፒውተሩን ዝጊውና ተነሺ፣ ልጄ። ወጥተን እንፈልጋት።"

አልዘጋሁትም። እንዴት ልዝጋው? እስከ ዛሬም አልተዘጋም። እናቴ ባገኘችኝ ቁጥር "ምን አለችሽ? የት ልሂድ አለችሽ?" ትለኛለች። 

አንዳንዴ ክፈፉ ራሱ ተንቀሳቅሶ ጠርዙን ያልፋል። ወንበሩ ይታያል። ያ ሰው አንዱን ጥግ ይዟል፤ እህቴ ሌላውን። መሃላቸው ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ተለቅቋል።

እህቴ ቀና ብላ አታየኝም...

በእጇ ግን ያንን ባዶ ቦታ መታ መታ ታደርገዋለች።