ባትሪ የሌለው ሰይፍ

እኔ እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ እመኑኝ፣ ሲቀላ ሰፈር ውስጥ ሞባይል ስጠግን አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፣ «ስልኬ ጠፍቶ እያለ ብቻውን ጠራ» ብሎ የመጣ ደንበኛ ሁሉ ተስቆበት ነው የሚሄደው።

የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ቤቴል በቤተ ክርስቲያናችን የልጆች ድራማ የኤደንን በር የሚጠብቀውን መልአክ እንድትሆን ተመረጠች። መልአኩ የሚነድ ሰይፍ አለው፣ አባቷ ደግሞ ጠጋኝ ነው፣ ስለዚህ ከፕላስቲክ ቱቦ፣ ከኤልኢዲ መብራትና ከአሮጌ ላፕቶፕ ከወጣ ባትሪ ሰይፍ ሠራሁላት። እጀታውን ከዶርዜ ቀርከሃ የቆረጡልን አማቼ አቶ ወዛ ናቸው፣ ሸማኔ ስለሆኑ ቆርጠው ብቻ አላበቁም፣ እንደ ዱንጉዛ፣ እንደ አገራቸው የሽመና ጥለት፣ በክር ቀይ፣ ጥቁር፣ ቢጫ አድርገው ጠቀለሉልን። እኔ የነበረኝ ሽቦ ሁሉ ቢጫ ስለነበር ፖዘቲቩ እንዳይጠፋኝ ጫፉ ላይ ቀይ ክር አስሬ፣ ሽቦዎቹን በእጀታው ውስጥ አሳልፌ ነበር የሰጠኋቸው።

ድራማው እሑድ ነው፣ ቅዳሜ አመሻሹ ላይ ሰይፉ ቻርጅ አላደርግም አለ። የቻርጀር መሰኪያውን ቀየርኩ፣ እምቢ። ብየዳውን ደገምኩ፣ እምቢ። በቴስተር እንኳን አልለካሁም፣ የራሴን ቀይ ክር ምን ብዬ ልጠራጠር? ጥፋቱን በትንሿ የቻርጅ ሰሌዳ አሳበብኩና እሷን ዘልዬ ባትሪውን በቀጥታ ከቻርጀር ጋር ላገናኝ ወሰንኩ። ሙያውን የምታውቁ ትታዘቡኛላችሁ፣ ለማታውቁ ልንገራችሁ፣ እንዲህ ተደርጎ ሽቦው ከተገለበጠ ባትሪው እሳት ይተፋል። ቤቴል ደግሞ ሰይፉ አጠገቤ ካላደረ አልተኛም ስላለች፣ መብራት ሲመጣ አልጋዋ ሥር ቻርጅ ሲያደርግ ሊያድር ነው።

ባትሪውን አውጥቼ ኪሴ ከተትኩት። መብራት ከሄደ ቆይቷል፣ የምሠራው በስልኬ ብርሃን ነው። ከቀርከሃው ውስጥ ጠቅ የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ጥፍር እንጨት ሲነካ ዓይነት። ቀርከሃ ሲደርቅ ይጮኻል ብዬ ተውኩት። ደገመ። ከዚያ የሰይፉ ጫፍ ላይ አንዷ አምፖል በራች፣ ቀጥሎ ሁለተኛዋ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ወደ እጀታው ወረደ። ልብ በሉልኝ፣ እኔ የሠራሁት ከእጀታው ጀምሮ እንዲበራ ነው፣ ይኼ ግን ከጫፉ ተነስቶ ወደ እኔ ነው የመጣው።

ባለቤቴ ማርታ ብርሃኑን አይታ ከጓዳ ወጣች።

«ተሠራልህ?»

ባትሪውን ከኪሴ አውጥቼ በመዳፌ አሳየኋት። ትንሽ አየችውና በቀስታ «አትንካው» አለችኝ። አልነካሁትም፣ ዓይኔ ግን እጀታው ውስጥ ነበር፣ ብርሃኑ ውስጡን ቁልጭ አድርጎ አሳየኝ፣ ቀይ ክር የታሰረበት ሽቦ የተበየደው ኔጌቲቩ ላይ ነው። ይህን እንዳየሁ ጠፋ።

አቶ ወዛ ጋ ደውዬ ስለ ቀዩ ክር ጠየቅኳቸው። ምንም ሳይጨነቁ «እሱንማ እኔ ነኝ ያዛወርኩት» አሉኝ። «ቀዩ ያለቦታው ነበር የገባው ልጄ፣ ከጥቁሩ ጋር አልሄደም፣ አስተካከልኩልህ።» ምን ይባላል? ዕድሜውን ሙሉ ሲሸምን የኖረ ሰው የተዛነፈ ክር አይቶ እጁ አያርፍም፣ ለእኔ ምልክት፣ ለእሳቸው ስህተት ነበር።

ማረጋገጥ ነበረብኝ። ሌላ አሮጌ ባትሪ ቀዩ ክር እንዳለው አድርጌ ከፓወር ባንክ ጋር አገናኘሁና ጓሮ፣ አሸዋ ላይ ትቼው ራቅ አልኩ። ቆይቶ አበጠ፣ ከዚያ ነበልባል ወጣው። ማርታ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ።

እሑድ ቤቴል በትክክል የተበየደውን ሰይፍ ይዛ በኤደን በር ቆመች፣ አንዴ እንኳን ሳይርገበገብ በራላት፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ቀሎኝ አያውቅም። አንድ የሙያ ጓደኛዬ ያለ ባትሪ የበራው በተረፈ ቻርጅ ይሆናል አለኝ፣ ባትሪው ኪሴ ሆኖ ምን ላይ ይተርፋል?

ሰይፉ አሁን ልጄ ክፍል ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፣ አይሆንም ብላት ምክንያቱን ምን ብዬ ልነግራት ነው? ባትሪው እኔ ጋ ነው የሚያድረው። እሷ ከተኛች በኋላ በክፍሏ ሳልፍ ከበሩ ሥር ያለውን ክፍተት አያለሁ። እስካሁን ጨለማ ነው፣ ተመስገን፣ ያን ጊዜ የበራው ልጄ ላይ ሞት ሊመጣ ሲል ነበርና።