የጭቃ ጎማ በአስፋልት ላይ

አባቴ ሲሞት አዲሱ ገበያ ያለው ቤትና የመስክ መኪናው ለእኔ ቀሩ። ቤቱ ዝም ይላል፤ መኪናው ይጮኻል። እህት ወንድም ስለሌለኝ ለሦስት ዓመት ያህል ኑሮዬ በእነዚህ በሁለቱ መሀል ነበር።

አባቴ መንገድ ቀያሽ ስለነበር መኪናውን ያሰናዳው ለአዲስ አበባ አልነበረም። ተንጠላጥለው የሚገቡበት ፎር ዊል ነው፤ የጎማዎቹ ጥርስ አውራ ጣት ያስገባል። እነዚያን ጎማዎች ለጭቃ ብሎ ፈልጎ ነው ያመጣቸው። እኔ ግን ጭቃ የት አገኛለሁ? በየቀኑ የምነዳው ከቤቴ ተነስቼ፣ በዊንጌት አድርጌ፣ እስከ ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ነው። እዚያ ዘር ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። አስፋልት ላይ ፍጥነቱ ከአርባ ሲያልፍ ጎማዎቹ እንደ ወፍጮ ቤት ያገሳሉ፤ ባረጀው የበር ላስቲክ በኩል ደግሞ ነፋስ ያፏጫል። ሬዲዮ ብከፍት አልሰማም፤ ስልኬ ቢጠራም አልሰማም።

ያየኝ ሁሉ «ሽጪውና አንዲት ትንሽዬ የቤት መኪና ግዢ» ይለኛል። እውነቱን ለመናገር ጩኸቱን እወደው ነበር። ቤት ውስጥ ዝም ስል የሚያናግረኝ ስለሌለ ነው። መኪናው ውስጥ ግን ዝም የምለው ስለማይሰማ ነው። ልዩነቱ የሚገባው ብቻውን የኖረ ሰው ብቻ ይመስለኛል።

ታረቀኝ የመጣው በአንድ የሐምሌ ጠዋት ነው። ዊንጌት የታክሲ ሰልፍ ላይ ዝናብ ሲወርድበት አየሁትና አቆምኩለት። በማዕከላችን ችግኝ ክፍል አዲስ የተቀጠረ መሆኑን እንጂ ስሙን እንኳ አላውቅም ነበር። ገብቶ በሩን ዘጋ፤ ተንቀሳቀስን። አንድ ነገር ጮኾ ነገረኝ። እኔም «ምን?» ብዬ ጮህኩ። ደገመልኝ። ደግሜ «ምን?» አልኩ። በመጨረሻ ሁለታችንም ሳቅንና ተውነው።

በመጀመሪያው መቆሚያ ላይ የትራፊክ ፖሊሱ እጁን አነሳና መኪናው ጸጥ አለ።

«ስሜ ታረቀኝ ነው ነበር ያልኩሽ» አለ።

«ታረቀኝ? የሽማግሌ ስም ነው እኮ!»

«አውቃለሁ። ታሪክ አለው። አባቴና አያቴ ተጣልተው—»

ትራፊኩ እጁን አወረደ። ጎማዎቹ ማገሳት ጀመሩ፤ ታሪኩም እዚያው ላይ ቀረ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ እዚያው ቦታ ቆሞ ይጠብቀኝ ጀመር፤ ማታም አብረን እንመለሳለን። ወሬያችን ትራፊኩ እጁን ሲያነሳ ይጀምራል፣ ሲያወርድ ይቋረጣል። የስሙን ታሪክ ብቻ ለመጨረስ ሦስት ቀን ፈጅቶብናል። አባቱ ከአያቱ ጋር በመሬት ተጣልቶ ነበር። ወንድ ልጅ ሲወለድለት እርቅ ለመጠየቅ ብሎ ታረቀኝ አለው።

«ታዲያ ታረቁ?» አልኩት በሦስተኛው ቀን፣ መኪናው ገና እንደቆመ።

«አያቴ ክርስትናዬ ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው ሞተ። አባቴ ስሙን በክርስትናው ዕለት ሊነግረው ብሎ ነበር የቆየው።»

ቆሎ የያዘውን ወረቀት አወጣና አንድ እፍኝ መዳፌ ላይ አፈሰሰልኝ።

አንድ ዓመት ከሁለት ወር እንዲህ ሄድን። ከመጨረሻው መቆሚያ በኋላ ሽቅብ እስከ ማዕከሉ ድረስ የሚያስቆመን የለም፤ ያን ያህል መንገድ አንድ ቃል ሳንለዋወጥ እንወጣለን። ቆሎ ይሰጠኛል፣ እበላለሁ። ጉብታ ከሩቅ ሲያይ ዳሽቦርዱን በጣቱ መታ ያደርግልኛል፣ ፍጥነት እቀንሳለሁ። አንዳንዴ ዞር ስል ሲያየኝ አገኘዋለሁ፤ ወይ እሱ ዞር ሲል ሳየው ያገኘኛል። በዚያ ጩኸት መሀል ማንም ለማንም ምንም እንዲል አይጠበቅበትም ነበር። ወድጄዋለሁ። መቼ እንደሆነ አላውቅም፤ አንድ ቀን ታሞ የቀረ ዕለት ወንበሩን እያየሁ ስነዳ ነው ያወቅኩት።

በመስከረም፣ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ትራፊኩ እጁን እንዳነሳ እንዲህ አለኝ።

«ጎባ አካባቢ ያለ የደን ፕሮጀክት ጠርቶኛል። ለሁለት ዓመት። እሺ ወይም እምቢ የምልበትን ደብዳቤ አርብ መስጠት አለብኝ።»

«አንተስ ምን አሰብክ?»

«እንጃ። በእኔ ብቻ የሚወሰን አይመስለኝም።» አየኝ። እኔ መሪውን አየሁ።

«ባሌ ብርድ ነው አሉ» አልኩ፤ ሌላ የምለው ጠፍቶኝ።

ሳቀ። «አንቺ ምን ቸገረሽ! በዚህ የጭቃ ጎማ ሳነቴ ተራራ ላይ ብትወጪስ ማን ያቆምሻል?»

«እስቲ እናያለን» አልኩት፤ እኔም ስቄ። ትራፊኩ እጁን አወረደ።

አትሂድ ልለው ፈለግኩ። ፍላጎቴ ይኸው ብቻ ነበር። ማክሰኞ ጀመርኩት፤ «ታረቀኝ፣ ስለዚያ ነገር» ከማለቴ መንገዱ ተከፈተ። ረቡዕ ጭራሽ መንገዱ ጭር ስላለ አንድም ቦታ አልቆምንም። ሥራ ቦታ እንዳልነግረው፣ እዚያ ሁለት ሰው ለብቻው ከቆመ ከሻይ ቤት እስከ ዘበኛ ድረስ ወሬ ነው። በስልክ ደግሞ ፊቱን ሳላይ መናገር አልፈለግኩም። ጥፋቱ የጎማው ነው ብዬ ደመደምኩ። ሰው ሲፈራ ጥፋተኛ ማግኘት አይቸግረውም።

ሐሙስ ከሰዓት ፈቃድ ጠይቄ ዊንጌት ጋሽ አሽረፍ ጋ ሄድኩ። አባቴ ከእሳቸው ሌላ ጎሚስታ አያውቅም ነበር።

«ልጄ፣ ይሄ ጎማ እኮ ገና ብዙ ይሄዳል» አሉኝ ጥርሱን በጣታቸው እየለኩ።

«ይጮኻል፣ ጋሽ አሽረፍ።»

«ይጮኻል እንጂ! ለጭቃ የተሠራ ነዋ። አስፋልት ላይ ሲሽከረከር ጥርሱ መሀል የሚገባው አየር ነው የሚጮኸው። ለስላሳውን ብገጥምልሽ ዝም ይልልሻል። ግን ከከተማ ወጥተሽ ጭቃ ውስጥ ብትገቢ በካልሲ እንደ መሄድ ነው፤ እወቂው።»

«ይግጠሙልኝ።»

«እርግጠኛ ነሽ? ይሄንን አውልቄ ካስቀመጥኩት ነገ የሚወስደው አይጠፋም።»

«ይውሰደው» አልኳቸው።

ወደ ቤት ስመለስ መኪናው የሌላ ሰው መሰለኝ። የፍሬቻው ጠቅ ጠቅታ ይሰማል፤ የሚኒባስ ረዳቶች ሲጣሩ ይሰማል። «ታረቀኝ፣ አትሂድ» ብዬ ጮክ ብዬ ሞከርኩት። ጥርት ብሎ ይሰማል። ደስ አለኝ።

አርብ ጠዋት እዚያው ቦታው ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። በሩን ከከፈተ በኋላ ሳይገባ ጎንበስ ብሎ ጎማዎቹን አያቸው። ትንሽ ቆየና ገባ።

ተንቀሳቀስን። አርባ አለፈ፣ ሃምሳ ሆነ። ምንም ድምፅ የለም።

«ጎማ ቀየርሽ» አለ።

«አዎ።»

«ለከተማ ጥሩ ነው።»

«አዎ» አልኩ፤ ምራቄን ስውጥ የሰማኝ መሰለኝ። ደንግጬ ዝምታውን ለመሙላት ያህል ጨመርኩበት። «ከከተማ ወጥቼ የት እሄዳለሁ ብዬ ነው።»

«ልክ ነሽ» አለ።

ያዘጋጀሁትን ለማለት አፌን ከፈትኩ። ለካስ ያ ሁሉ ጩኸት ከልሎኝ ነበር። አሁን አፌን ስከፍት ይሰማል፣ ስዘጋም ይሰማል። ትራፊኩ አቆመን፤ አላልኩም። አሳለፈን፤ አላልኩም። ሽቅብ የሚወስደውን መንገድ ጀመርን። ቆሎ ይዞ አልመጣም። ዳሽቦርዱንም አልነካም፤ ጉብታውን እኔው ዘልዬው ሁለታችንም ከወንበራችን ተነሳን። ማታ ስንመለስ እነግረዋለሁ፣ ማታ ዘና ብሎ ይሰማኛል ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ማታ ከግቢው ወጥተን ብዙም ሳንርቅ መኪናውን ባሕር ዛፎቹ ሥር አቆምኩት። ሞተሩንም አጠፋሁ።

«ታረቀኝ፣ አትሂድ» አልኩት።

እጆቹን ጉልበቶቹ ላይ አድርጎ ወደ ፊት እያየ መለሰልኝ።

«ደብዳቤውን ጠዋት በአራት ሰዓት ሰጠሁት።»

«ምን ብለህ?»

«እሺ ብዬ። ሰኞ የፕሮጀክቱ መኪና ይወስደኛል።»

እንባዬ መጣ። አልደበቅኩትም። «ጎማውን የቀየርኩት ይህን ልነግርህ እኮ ነው። እንድትሰማኝ ብዬ።»

ሙሉ ለሙሉ ወደ እኔ ዞረ። እንደዚያ ቀን ፊት ለፊት አይቶኝ አያውቅም።

«እኔ መልስ መሰለኝ» አለ። «ሰኞ ዕለት እናያለን አልሽኝ። ሳምንቱን ሙሉ ይህቺ ልጅ ትመጣ ይሆን ስል ነው የሰነበትኩት። አብራኝ ባትኖርም፣ በዓመት አንዴም ቢሆን ልታየኝ ትመጣ ይሆን እያልኩ። ዛሬ ጠዋት የጭቃ ጎማሽን አውልቀሽ መጣሽ። ከከተማ ወጥቼ የት እሄዳለሁ አልሽ። ከዚህ በላይ እንዴት ብለሽ እምቢ ትይኛለሽ?»

«ለምን አልጠየቅከኝም?»

«አንቺስ ጠዋት ለምን አልነገርሽኝም?»

ከተራራው እንጨት የተሸከሙ ሁለት ሴቶች ጎንበስ ብለው በአጠገባችን አለፉ። እስኪርቁ ጠበቅኩ።

«ብለምንህ ኖሮ ትቀር ነበር?»

«ልመና ምን ያደርጋል? አንድ ጊዜ ብትይው ይበቃኝ ነበር። አሁን ግን ቃሌን ሰጥቻለሁ።»

ዊንጌት ሳደርሰው መሽቶ ነበር። «ሁለት ዓመት ምን አላት?» አለኝ ከመውረዱ በፊት። «እደውላለሁ። ትደውያለሽ። እረፍት ሲሰጡኝ እመጣለሁ፣ አንቺም ትመጫለሽ።» እጄን ያዘው። የችግኝ ሠራተኛ እጅ ሻካራ ነው፤ ሲለቀኝ ነው ብርዱ የተሰማኝ። ወርዶ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው።

መጀመሪያ በየቀኑ እንደዋወል ነበር። ቀጥሎ በየሳምንቱ ሆነ፤ ከዚያ በዓል በመጣ ቁጥር። እሱ ጋ ኔትወርክ ይጠፋል፣ እኔ ጋ ሥራ ይበዛል። አንዴ ብቻ መጥቶ ነበር፤ ለአጎቱ ቀብር ሁለት ቀን። ቤቱ በለቀስተኛ ተሞልቶ ስለነበር እንደ ማንኛውም ሰው እግዜር ያጽናህ ብዬው ተመለስኩ። እኔ ልሄድ ሦስት ጊዜ ተዘጋጅቼ ሦስቱንም ጊዜ ለሚቀጥለው ወር አስተላለፍኩት። ናፈቅኸኝ ልለው አስቤ ስለ አየሩ የጠየቅኩባቸው ቀናት ይበዛሉ። ተጣልተን አናውቅም። ብንጣላ ይሻል ነበር፤ ጠብ ቢያንስ ያናግራል።

መኪናው ጸጥ እንዳለ ነው። አሁን ሬዲዮ እሰማለሁ፤ ሰዎችም ምቾቱን ያደንቁልኛል። የምነዳው ያንኑ መንገድ ነው። ትራፊኩ ሲያቆመኝ እጄን መሪው ላይ አድርጌ እጠብቃለሁ፤ የማወራው ሰው የለም።

ባለፈው ሳምንት የሁለት ዓመቱ ውል ሊያልቅ አሥራ አንድ ቀን ሲቀረው በምሳ ሰዓት ደወልኩለት። መኪናውን ዳር አቁሜ፣ መስኮቱን ዘግቼ።

«ሄራን! ደህና ነሽ? ምነው በሰላም?»

«ደህና ነኝ። አንድ ነገር ልነግርህ ነው፤ ስለ አየሩ ከመጠየቄ በፊት ልበለው። ታረቀኝ፣ ና። ውሉን አታሳድስ። እወድሃለሁ፤ ና።»

ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ አየሁት፤ አልተቋረጠም።

«ሄራን» አለ በመጨረሻ። «እዚህ ሰው አለችኝ። ከመስቀል በኋላ ቤተሰቦቿ ጋ ሽማግሌ እልካለሁ።»

መሪውን ያዝኩ። «መቼ ልትነግረኝ ነበር?»

«ነገ እነግራታለሁ እያልኩ እኮ ነው። በየቀኑ።»

ልቆጣው ፈለግኩ። በምን አፌ? የእኔው አባባል ነው።

«እንኳን ደስ አለህ» አልኩት።

«እወድሃለሁ፣ ና ባትይኝ ይሻለኝ ነበር።»

«አይሻልም» አልኩት። «የሚሻለውማ ያኔ አርብ ጠዋት ብዬህ ቢሆን ነበር።»

«አዎ» አለ፤ «እሱማ አዎ።»

ከዚያ በኋላ ሁለታችንም ምንም አላልንም፤ ስልኩንም አልዘጋንም። መስመሩ የዚያን ቀን ጥሩ ነበር። ሲተነፍስ ይሰማኝ ነበር፣ አጠገቤ የተቀመጠ ያህል። ቀድሞ የዘጋው እሱ ነው።