ያልተሰነጠቀው ኖራ

ሠራተኛው ድሪስ ሞቶ የተገኘው በፕላስቲኩ ግሪንሃውስ ውስጥ፣ በሩ ሥር ተደፍቶ ነው። አናቱ ከሲሚንቶው ምሰሶ ጋር ተጋጭቶ ተፈንክቷል፤ በሩ ከውጭ በሰንሰለት ተቆልፏል። ሳጅን ኤንካርና በደቡብ ስፔን ከኤል ኤሂዶ ከተማ ዳር ካለው እርሻ ስትደርስ፣ ገዳይ የተባለው ላህሰን እጁ ታስሮ መኪና ውስጥ ተቀምጧል። እንዲህ ያለ ተሰናድቶ የጠበቃት እውነት ሲቀርብላት ደሟ ይፈላል።

«ቁልፉ ሁለት ነው» አለ ጎንሳሎ፣ የባለእርሻው የልጅ ባል። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ አንደበቱ የለዘበ ሰው ነው። «አንዱ እኔ ጋ፣ አንዱ ላህሰን ጋ። ከድሪስ ጋር አንድ ክፍል ነው የሚኖሩት። ማክሰኞ ሲጣሉ ያልሰማ የለም።»

«ሙቀት ቢሆንስ የገደለው? ነሐሴ እኮ ነው።»

«እዚህ ውስጥ? ቀና ብለው ይዩት እንጂ ሳጅን።» ጣሪያው ነጭ ነው። «ሰኞ እኔው ራሴ ነኝ ፀሐይ እንዲመልስ ኖራ የረጨሁት። የጣሪያውንም መስኮት እስከ ትናንት በየጠዋቱ ስከፍት ነበር። ፕላስቲኩ ደግሞ ዘንድሮ ያስገባሁት ነው፤ በረዶ ቢወርድበት አይበሳም።» ግድግዳውን በመዳፉ መታ መታ አደረገው።

«ሰው ሞቶብኝ አንተ ስለ ፕላስቲክህ ታወራለህ» ሲሉ ዶን ሂኔስ ጮኹበት። ባለእርሻው እሳቸው ናቸው። አንድ ሳምንት ሙሉ ሆስፒታል ሚስታቸውን ሲያስታምሙ ሰንብተው ገና አሁን መድረሳቸው ነው። «ኤንካርና፣ አባትሽን አውቀዋለሁ። ድሪስ ስድስት ዓመት አብሮኝ የሠራ ሰው ነው። ያን ላህሰንን ለአምስት ደቂቃ ለእኔ ተይልኝ።»

ኤንካርና ወደ መኪናው ሄደች። ላህሰን ቀና ብሎም አላያት።

«ምን አጣላችሁ?»

«ሥራውን ልተው አለኝ፤ ሙቀቱ በዛብኝ አለ። እኔ ደግሞ ሞኝ አትሁን፣ ግባ አልኩት። እኔ ነኝ ግባ ያልኩት።»

ሙቀቱ በዛብኝ? ኖራ በተቀባ ጣሪያ ሥር? ኤንካርና የበርበሬ አትክልተኛ ልጅ ናት፤ ያደገችው ፕላስቲክ ሥር ነው። ገብታ መስመሮቹን አንድ በአንድ አየች። የመጀመሪያዎቹ ሰባት መስመሮች ላይ የቆመው ቲማቲም ለጋ ነው፤ ሥሩ ያለው አፈር ገና ትናንት የተነካ ነው። ስምንተኛው መሐል ላይ የችግኝ ሳጥን ተጥሏል። ከዚያ ወዲያ ያለው ቅጠል ሁሉ ጫፉ አርሯል። መሰላል ጠይቃ ጣሪያው ላይ ወጣች፤ ስትወርድ ጥርሷን ነክሳ ነበር።

ላህሰንን አስመጣችና አራቱም ከጣሪያው መስኮት ሥር ቆሙ።

«ክፈተው» አለችው ጎንሳሎን።

መዘውሩን አዞረ። መስኮቱ ቀጭ ብሎ ተላቀቀ፣ የኖራ ቅርፊትም ትከሻው ላይ ረገፈ።

«መስኮቱና ክፈፉ ላይ ኖራው አንድ ሆኖ ደርቆ ነበር። ሰኞ ተረጭቶ በየጠዋቱ ቢከፈት ኖሮ ገና ማክሰኞ ይሰነጠቅ ነበር። ይህ የተረጨው መስኮቱ ለመጨረሻ ጊዜ ከተዘጋ በኋላ ነው። ዶን ሂኔስ፣ ስለ ኖራ ምን ብሎዎት ነበር?»

«አዲሱ ፕላስቲክ አያስፈልገውም፤ ኖራ የሽማግሌ ነገር ነው አለኝ» አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው።

«ስለዚህ ሳይረጭ ቀረ፣ ችግኙም አረረ። እርስዎ ዛሬ ሊመለሱ ነው፤ ማፈር ሊመጣ ነው። ጎንሳሎ ድሪስን፣ ያረረውን እየነቀለ በአዲስ እንዲተካ ትናንት አስገባው። ጥሎ እንዳይወጣ ደግሞ ቆለፈበት። ድሪስ ስምንተኛው መስመር ላይ ሳጥኑን ጥሎ ወደ በሩ መጣ፤ እዚያ በሙቀት ራሱን ስቶ ወደቀ፣ አናቱም ከምሰሶው ጋር ተጋጨ። ቆላፊው ላህሰን ቢሆን ኖሮ፣ አንተ ኖራውን ሰኞ ረጨሁ ብለህ ምን አስዋሸህ?»

ጎንሳሎ ትከሻውን አራገፈ። «ለአንድ ሰዓት ብቻ ነበር። ምሳ በልቼ ጋደም አልኩ፣ እንቅልፍ ጣለኝ።»

«ስትነቃስ? ሐኪም አልጠራህም። ኖራ ነው የበጠበጥከው። ጠዋት ደግሞ ይህን ምስኪን አሳሰርክ።» የላህሰንን ካቴና ፈትታ ለጎንሳሎ አጠለቀችለት፤ አጥብቃ ነው የቆለፈችው።

ላህሰን አልሄደም። በሩ አጠገብ ተንበርክኮ ፕላስቲኩ ላይ ያለውን የጥፍር ጭረት ያያል። አምስት መስመር ነው፣ ከሥሩም ሌላ አምስት። ጣቶቹን አንድ በአንድ ጭረቱ ላይ አሳረፈ፤ ልክክ አሉ።

ዶን ሂኔስ አዩት። «አሮጌው ፕላስቲክ ቢሆን በጣቱ ይቀደው ነበር» አሉ። ከኪሳቸው የመግረዣ ቢላዋ አውጥተው፣ ከጭረቱ ራቅ ብለው ግድግዳውን ወጉት። አልተበሳም። ደገሙት፣ አሁንም እንቢ አለ። በሦስተኛው ቀደደና ነፋስ ገባ።